ለውጭ ሀገር የነርስነት ሥራ፦ የቋንቋ ፈተናው ይቅደም ወይስ ወረቀቱ?

እህተ_ነርስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በነርሲንግ ዲግሪ አለኝ። አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አራቱን በሜዲካል ዋርድ፣ የመጨረሻውን በቀዶ ሕክምና ዋርድ። የሙያ ፈቃዴ የታደሰ ነው። ባለትዳር ነኝ፣ የአራት ዓመት ልጅ አለኝ። እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ለመሄድ እያሰብኩ ነው፤ የቱ እንደሚሻለኝ ግን ገና አልቆረጥኩም። ጀርመን የሚሉኝም አሉ።

በሚቀጥለው ወር አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ለመፈተን ገንዘቡን አዘጋጅቻለሁ። ከጠየቅኳቸው ሰዎች ግማሹ "መጀመሪያ ቋንቋውን እለፊ፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል" ይላል፤ ግማሹ ደግሞ "ወረቀትሽን ሳትጨርሺ ፈተና አትንኪ" ይላል። የቱን ልከተል?

ሁለተኛ፣ አንድ ኤጀንሲ የሦስት ዓመት ግዴታ ያለበት ኮንትራት ልኮልኛል። ካቋረጥኩ የምከፍለው ገንዘብም ተጽፏል። ገና አልፈረምኩም። ምኑን ነው ማየት ያለብኝ?

ሦስተኛ፣ ፈተናዎቹ ላይ ሰው የሚወድቀው የት የት ላይ እንደሆነ በቅርብ የምታውቁ ብትነግሩኝ። "ጎበዝ ከሆንሽ ታልፊያለሽ" የሚለውን ብዙ ሰምቻለሁ፤ እሱን ተዉልኝ።

ወረቀት_ቀዳሚ፦

እህቴ፣ የአይልትሱን ገንዘብ ለጊዜው አስቀምጪው። ጥናቱን ግን ዛሬውኑ ጀምሪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚያስፈልግሽ ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አንዴ ከወጣ ጊዜው የማያልፍበት፣ ግን በሌላ ሰው እጅ ያለ ነው፦ ትራንስክሪፕት፣ የኮርስ ዝርዝር፣ የክሊኒካል ሰዓት መግለጫ። ሁለተኛው በገንዘብሽና በጥናትሽ የምታገኚው፣ ነገር ግን ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዕድሜው የሚቆጠር ነው። የቋንቋ ውጤት ሁለት ዓመት ያገለግላል። ሲቢቲ የሚባለው የእንግሊዙ የኮምፒውተር ፈተናም ሁለት ዓመት ነው። ለእንግሊዝ ቪዛ የሚጠየቅ የቲቢ ምርመራ ስድስት ወር፤ አሠሪው የሚያወጣልሽ የስፖንሰርነት ሰርቲፊኬት ቪዛ ለማመልከት ሦስት ወር ብቻ። ስለዚህ የማያረጀውን አስቀድሚ፣ የሚያረጀውን አስከትዪ። ብዙ ሰው የሚከስረው ቋንቋውን በጊዜ አልፎ፣ ኮሌጁ ወረቀቱን እስኪልክለት ሲጠብቅ ሁለት ዓመቱ ሲያልቅበት ነው። ያኔ እንደገና መክፈል፣ እንደገና መፈተን ነው።

ወረቀቱ የሚበላሸው ደግሞ በታወቁ ቦታዎች ነው።

መጀመሪያ ስም። ፓስፖርትሽን፣ ዲግሪሽን፣ ትራንስክሪፕትሽንና የሙያ ፈቃድሽን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጪና ስምሽን ፊደል በፊደል አንብቢ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ላይ ሁለት "ኤስ"፣ ሌላው ላይ አንድ ከሆነ ችግር ነው። አሜሪካኖቹ የነርስ ፈተና ላይ በመፈተኛ ፈቃዱ ያለው ስምና የመታወቂያሽ ስም ካልገጠሙ ከበር ይመልሱሻል፣ ክፍያውም አይመለስም። የትኛው ይስተካከል ካልሽ ሁሉንም ወደ ፓስፖርቱ አምጪያቸው። ዲግሪው ላይ ያለውን ማረም ካልተቻለ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ሕጋዊ ማስረጃ አውጪ፤ ያንንም ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጋር አያይዢው። ጥያቄ ሲመጣ ይቀርባል ብለሽ እንዳታስቀሪው፤ ጥያቄው ሲመጣ ፋይሉ ተመልሶ ወረፋው ጭራ ላይ ይቀመጣል።

ሁለተኛው የክሊኒካል ሰዓት ነው፣ በተለይ ለአሜሪካ። ትራንስክሪፕት ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ክሬዲት ነው። የትምህርት ማስረጃሽን የሚመዝነው ገምጋሚ የሚፈልገው ሰዓት ነው፤ ያውም ቲዎሪና ክሊኒካል ተለያይተው፣ በሜዲካል፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በእናቶችና በአእምሮ ሕክምና ተከፋፍለው። ብዙዎች የሚያዙት አእምሮ ሕክምናው ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ተምረው ዋርድ ያልገቡ፣ ወይም ገብተው "ኮሙኒቲ" በሚል ኮርስ ውስጥ የተጠቀለለባቸው። በእውነት ሠርተሽው ከሆነ ትምህርት ቤቱ ለይቶ ይጻፍልሽ። ካልሠራሽው "ጉድለት አለ" ተብሎ ይመለስልሻል፤ ያንን ኮርስ ከነክሊኒካሉ ወስደሽ ማሟላት ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም።

ሦስተኛው አላላኩ ነው። ትራንስክሪፕቱ በአንቺ እጅ ካለፈ፣ ፖስታው ቢታሸግም፣ አብዛኛው ገምጋሚ አይቀበለውም። ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ መሄድ አለበት። በኢሜይል ከሆነ ከትምህርት ቤቱ የራሱ አድራሻ እንጂ ከሠራተኛው የግል ጂሜይል አይደለም። ሬጅስትራሩ ጋ ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። በአንቺ በኩል የሚሞላው ሁሉ የተሞላበት ፎርም፣ የተማሪነት ቁጥርሽ፣ የተመረቅሽበት ዓመት፣ የትራንስክሪፕቱ ኮፒ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የተቀባዩ አድራሻ በታይፕ የተጻፈበት ፖስታ ይዘሽ ሂጂ። ለሠራተኛው ማኅተምና ፊርማ ብቻ ከተረፈው በሳምንት ያልቃል። ፎርሙን ባዶውን ትተሽለት ከመጣሽ መሳቢያ ውስጥ ያረጃል።

ድሪፕ_ቆጣሪ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። የእንግሊዙን ፈተና እኔ ልናገር።

የእንግሊዙ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት (ኤንኤምሲ) ፈተና ሁለት ክፍል አለው። ሲቢቲ ፒርሰን ቪው በሚባሉ የመፈተኛ ማዕከላት በኮምፒውተር ይሰጣል፤ ኦስኪ ደግሞ እንግሊዝ ከገባሽ በኋላ በአካል የምትፈተኚው የተግባር ፈተና ነው።

ሲቢቲ ራሱ ሁለት ነው። ክፍል ሀ 15 የስሌት ጥያቄ በ30 ደቂቃ፣ ክፍል ለ 100 የክሊኒካል ጥያቄ በ2 ሰዓት ተኩል። ሰው ክፍል ለን ፈርቶ ወራት ያጠናና በክፍል ሀ ይወድቃል። ምርጫ የለውም፤ መልሱን ራስሽ ነው የምትጽፊው። ለምሳሌ 500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ4 ሰዓት ይግባ፣ የድሪፑ መስመር በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው፣ በደቂቃ ስንት ጠብታ? 500 በ20 ሲባዛ 10,000፤ ለ240 ደቂቃ ሲካፈል 41.67፤ ጠብታ ግማሽ ስለሌለው 42። ጥያቄው በፓምፕ ከሆነ ግን መልሱ በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ ሰው የሚሳሳተው በሰዓት ተጠይቆ በደቂቃ ሲመልስ፣ ወይም 4 ሰዓቱን ወደ ደቂቃ ሳይቀይር ሲያካፍል ነው። ማይክሮግራምና ሚሊግራምም እንዲሁ። ዲጎክሲን 0.125 ሚሊግራም ታዟል፣ ያለው ባለ 62.5 ማይክሮግራም እንክብል ነው ቢልሽ፣ መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ ማይክሮግራም አምጪ፤ 125 ለ62.5፣ ሁለት እንክብል።

ወደ ኦስኪ። አሥር ጣቢያ ነው። አራቱ በአንድ ታካሚ ላይ የተያያዙ ናቸው፦ መገምገም፣ ማቀድ፣ መፈጸም፣ ማስረከብ። አራቱ የእጅ ሥራ ናቸው። ሁለቱ ዝም ብለሽ የምትጽፊባቸው ናቸው፤ አንዱ የሙያ ሥነ ምግባር፣ አንዱ በማስረጃ ላይ የተመሠረተ አሠራር።

ልምድ ያለው ነርስ እዚህ የሚወድቀው ባለማወቅ አይደለም። ፈታኙ የሚያርመው ያየውንና የሰማውን ብቻ ነው። በልብሽ ያረጋገጥሽው ነገር ነጥብ የለውም። "ስምዎንና የትውልድ ቀንዎን ይንገሩኝ" ብለሽ ጠይቀሽ፣ የእጅ አምባሩን በጣትሽ ይዘሽ ከቻርቱ ጋር ስታነጻጽሪ መታየት አለብሽ። አለርጂ ጠይቂ። ፈቃድ ጠይቂ። እጅ መታጠብ ከታካሚው በፊትም በኋላም። ትንፋሽ ስትቆጥሪ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሪ፤ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት በሥራ ላይ የለመድነው ነው፣ እዚያ ግን ይጥላል።

የመገምገሚያው ጣቢያ ላይ ኒውስ 2 የሚባለውን የአደጋ ምልክት መለኪያ ትሞያለሽ። ሰባት ነገር ይለካል፦ ትንፋሽ፣ የኦክስጅን መጠን፣ በኦክስጅን ላይ መሆን አለመሆኑ፣ የላይኛው የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ንቃት፣ ሙቀት። እስቲ ይህን ታካሚ ተመልከቺ፦ ትንፋሽ 22፣ ኦክስጅን 94 ያለ ድጋፍ፣ ግፊት 108፣ ምት 112፣ ንቁ ነው፣ ሙቀት 38.4። አንድ በአንድ ስታይው የሚያስደነግጥ የለበትም። ነጥቡ ግን 2፣ 1፣ 0፣ 1፣ 2፣ 0፣ 1 ነው፤ ድምሩ 7። ሰባትና ከዚያ በላይ ድንገተኛ ነው፣ አስቸኳይ ቡድን ይጠራል። አምስትና ስድስት ደግሞ ሐኪም በአስቸኳይ ይየው ማለት ነው። አንዱ መለኪያ ብቻውን 3 ቢያመጣ፣ ድምሩ ትንሽ ቢሆንም፣ ለሐኪም ይነገራል። ድምሩን በትክክል ጽፎ "ከፍተኛ ነው፣ እጠራለሁ" ያላለ ሰው ግማሹን ነው የሠራው።

መድኃኒት መስጫው ላይ ወጥመዶቹ የታወቁ ናቸው። ታካሚው የፔኒሲሊን አለርጂ አለበት፣ ቻርቱ ላይ አሞክሲሲሊን ተጽፏል። ወይም ፓራሲታሞል ከሁለት ሰዓት በፊት ተሰጥቶታል፣ አሁን ሕመም አለብኝ ይላል፤ ቢያንስ አራት ሰዓት ሳይሞላ አይደገምም፣ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አያልፍም። አለመስጠትሽ ብቻ አይበቃም። ቻርቱ ላይ ያለውን ሣጥን ባዶ አትተዪው፤ ያልተሰጠበትን ኮድ ጻፊ፣ ምክንያቱን ጻፊ፣ ላዘዘው ሐኪም እንደምታሳውቂ ተናገሪ። ስትጽፊ ከተሳሳትሽ በአንድ መስመር ሰርዘሽ ቀንና ፊርማ፤ ደርቦ መጻፍና ማጥፊያ የለም። አለርጂ ያለበትን መድኃኒት መስጠት ሌላው ሁሉ ቢያምርም ጣቢያውን ይጥላል።

ሥራ ከጀመርሽበት ቀን ጀምሮ በ12 ሳምንት ውስጥ ኦስኪን መቀመጥ አለብሽ፤ ለማለፍ ያለሽ ጊዜ 8 ወር ነው። በአንድ ማመልከቻ ሦስት ሙከራ አለ። ሦስቱንም ከወደቅሽ ስድስት ወር መጠበቅና ከአዲስ መጀመር ነው። የሚቀጥርሽ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ክፍያ የመሸፈን ልማድ አለው፤ የድጋሚው ማን ይከፍላል የሚለውን ኮንትራትሽ ላይ ፈልጊው። ሙሉው በ2024 794 ፓውንድ ነበር፣ የወደቅሽው በጥቂት ጣቢያ ብቻ ከሆነ የድጋሚው ክፍያ ግማሹ ነበር።

ቋንቋው፦ አይልትስ አካዳሚክ ከሆነ በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5። በአንድ ቀን አራቱም ካልመጡልሽ ከእ.ኤ.አ. የካቲት 2023 ወዲህ በ12 ወር ውስጥ የተወሰዱ ሁለት ውጤቶችን ማጣመር ይቻላል፤ ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር ከ6.5፣ በመጻፍ ከ6 መውረድ የለበትም። "ኮሌጃችን የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተና አያስፈልገኝም" የሚሉም አሉ። ምክር ቤቱ የሚጠይቀው የመማሪያ ክፍሉን ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ዋርድ ውስጥ ከታካሚ ጋር የተነጋገርሽበትንም ጭምር ነው። አብዛኛው ሰው እዚያ ላይ ይቆማል።

ስለ ቤተሰብ አንድ ነገር። ነርስ ሆነሽ በጤናና እንክብካቤ ቪዛ ከገባሽ ባለቤትሽንና ልጅሽን ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ። የተንከባካቢ ሥራ ግን ሌላ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. መጋቢት 11፣ 2024 ጀምሮ ቤተሰብ ማምጣት ተከልክሏል፣ ከሐምሌ 22፣ 2025 ጀምሮ ደግሞ ከውጭ መቅጠሩ ራሱ ተዘግቷል። "ለጊዜው በተንከባካቢነት ትገቢና እዚያ ነርስ ትሆኛለሽ" የሚል ደላላ ካጋጠመሽ ንግግሩን እዚያው ቁረጪው።

እህተ_ነርስ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። የኒውሱን ስሌት ሳላይ 4 ብዬ ነበር የገመትኩት። ሁለት ጥያቄ ልጨምር፦ ከአይልትስና ከኦኢቲ የቱ? የአሜሪካው ወረፋ ረዥም ነው የሚሉት ከምን የመጣ ነው?

ሦስተኛ_ሽፍት፦

ኦኢቲ ለጤና ባለሙያ የተሠራ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። የጽሑፉ ክፍል 45 ደቂቃ ነው፤ አምስቱ የታካሚ ማስታወሻ ለማንበብ፣ አርባው ከ180 እስከ 200 ቃል የሚሆን ደብዳቤ ለመጻፍ። ንግግሩ ሁለት ትወና ነው፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ዝግጅት፣ አምስት ደቂቃ ንግግር። የዋርድ ሪፖርት መጻፍ ለለመደ ሰው ከአይልትስ ድርሰት ይልቅ ይቀላል ባይ ነኝ። ለእንግሊዝ በሦስቱ 350፣ በጽሑፍ 300 ነው የሚፈለገው። ሰው ደብዳቤው ላይ የሚወድቀው ማስታወሻውን በሙሉ ስለሚገለብጥ ነው። ተቀባዩ የማኅበረሰብ ነርስ ከሆነች የቁስሉን አያያዝና የቀጠሮውን ቀን ትፈልጋለች፤ ከሃያ ዓመት በፊት የወጣው ትርፍ አንጀት ምኗም አይደለም። የደብዳቤው ምክንያት ደግሞ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይቀመጥ። ዋጋው ግን ከአይልትስ የበለጠ ነው፤ እሱንም አስቢ።

አሜሪካ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የትምህርት ማስረጃ ግምገማ፣ ለአንድ ግዛት የነርሲንግ ቦርድ ማመልከት፣ የመፈተኛ ፈቃድ፣ ኤንክሌክስ የሚባለው የነርስነት ፈተና፣ ከዚያ አሠሪ፣ አቤቱታ የሚባለው አሠሪው ለቪዛሽ የሚያስገባው ማመልከቻ፣ ወረፋ፣ ቪዛስክሪን የሚባለው የጤና ባለሙያ ማረጋገጫ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ። ቪዛስክሪንን የሚሰጠው ቀድሞ ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል የነበረው፣ በ2025 ስሙን ትሩሜሪት ያለው ድርጅት ነው፤ አምስት ዓመት ያገለግላል። በቋንቋው በኩል አይልትስ ከሆነ አጠቃላይ 6.5 ከንግግር 7 ጋር ነው። ስለዚህ ለእንግሊዝ የበቃ የአይልትስ ውጤት ለዚህም ይበቃል። እስከዚያ ቀኑ ካላለፈበት!

ግዛት ስትመርጪ አንድ ነገር እዪ። አንዳንዱ ቦርድ የአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌለሽ ፈቃድ አይሰጥም፤ አንዳንዱ ግድ የለውም። ፈተናው የሀገር አቀፍ ስለሆነ አንድ ጊዜ ካለፍሽ በኋላ ፈቃዱን ወደምትሠሪበት ግዛት ማዛወር ይቻላል።

ኤንክሌክስ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ፣ አምስት ሰዓት። ኮምፒውተሩ በመልስሽ ልክ ጥያቄውን ያከብዳል ወይም ያቀላል፤ ማለፍሽን ወይም መውደቅሽን በ95 በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ያቆማል። 85 ላይ መቆሙ ማለፍ ማለት አይደለም፣ መውደቅም አይደለም። ከ85ቱ 15ቱ የማይቆጠሩ የሙከራ ጥያቄዎች ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ስለማታውቂ አንዱ እንግዳ ቢሆንብሽ አትረበሺ። ከወደቅሽ 45 ቀን ትጠብቂያለሽ።

ከሚያዝያ 2023 ወዲህ አስተራረሙ ተቀይሯል። "የሚመለከተውን ሁሉ ምረጪ" በሚለው ጥያቄ ትክክለኛው ነጥብ ይጨምራል፣ የተሳሳተው ይቀንሳል። የድሮ መጽሐፍ ያጠና ሰው ጥርጣሬ ያለበትን ሁሉ ይመርጥና ያገኘውን መልሶ ያጣል። እርግጠኛ የሆንሽበትን ብቻ ንኪ።

ሌላው የሚያደናቅፈው የአሠራር ልዩነት ነው። በብዙ ሀገር ነርሷ ሐኪሙን ጠርታ ትጠብቃለች። ኤንክሌክስ ግን "መጀመሪያ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?" ነው የሚልሽ። ታካሚው ትንፋሽ አጠረኝ ካለ አልጋውን ቀና ማድረግና ኦክስጅኑን መለካት "ሐኪም ጥሪ" ከሚለው ይቀድማል። ደግሞ የማን ሥራ ለማን ይሰጣል የሚለው አለ፦ የተረጋጋ ታካሚን ገላ ማጠብና ቫይታል ሳይን መውሰድ ለረዳት ይሰጣል፤ መገምገም፣ ማስተማርና አዲስ የገባን ታካሚ መቀበል የነርሷ ነው። ቃላቱም ይለያሉ። ፓራሲታሞል አሴታሚኖፌን ነው፣ አድሬናሊን ኤፒኔፍሪን፣ ሳልቡታሞል አልቡተሮል። የስኳር መጠን እንግሊዝ በሚሊሞል፣ አሜሪካ በሚሊግራም ነው፤ በ18 ታበዢያለሽ፣ 7 ሚሊሞል 126 ሚሊግራም ይሆናል።

ወረፋው ከየት መጣ? ነርሶች ኢቢ-3 በሚባለው ክፍል ነው የሚሄዱት። ለሥራ የሚሰጠው ቋሚ የመኖሪያ ቪዛ በዓመት 140,000 ገደማ ነው፤ የዚህ ክፍል ድርሻ 28.6 በመቶ፣ ማለትም 40,000 ገደማ። ይህ ደግሞ ለነርስ ብቻ አይደለም፤ ለሌላውም ሙያ፣ ለባለቤትና ለልጅም ጭምር ነው። አራት አባል ያለው ቤተሰብ አራት ቦታ ይይዛል። የነርስ ጥቅሙ "በሀገሬው ሠራተኛ አልተገኘም" የሚለው ረዥም ማጣራት የማይጠየቅ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ተራሽ የሚያዘው አሠሪው አቤቱታውን ባስገባበት ቀን ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ የቪዛ ቡለቲን ያወጣል። ቀንሽ እዚያ ከተጻፈው ቀን ቀድሞ ከተገኘ ትጠሪያለሽ። ቀኑ ወደኋላ የሚመለስበትም ወር አለ፣ የበጀት ዓመቱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1 እስኪከፈት ኮታው የሚያልቅበትም። ለፈጣን አገልግሎት ተጨማሪ ክፍያ የሚያፋጥነው አቤቱታው የሚታይበትን እንጂ ወረፋውን አይደለም። "ገንዘብ ጨምሪና በስድስት ወር ትገቢያለሽ" የሚል ካለ ይህን አስታውሺ።

የሕክምና ምርመራውን ቀጠሮ ሳትይዢ አታድርጊ፤ ቢበዛ ስድስት ወር ነው የሚያገለግለው።

ጥቃቅን_ፊደል፦

ስለ ኮንትራቱ። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" የሚባለው ለዚህ ነው፤ ከፈረምሽ በኋላ የሚነግርሽ ሰው ብዙ ነው።

መጀመሪያ የምትፈልጊው ቅጣቱ በጊዜ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም የሚለውን ነው። ኮንትራቱ 36 ወር፣ ቅጣቱ 9,000 ዶላር ነው እንበል። በ30ኛው ወር ብትለቂ የማይቀንስ ከሆነ 9,000ውን ትከፍያለሽ። በወር የሚቀንስ ከሆነ የቀረሽ 6 ወር ስለሆነ 1,500 ነው። ሁለቱ ኮንትራቶች ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለዓለም አቀፍ የጤና ቅጥር ያወጣው የአሠራር ደንብ የሚመለሰው ገንዘብ ግልጽ፣ ተመጣጣኝና ከጊዜ ጋር የሚቀንስ እንዲሆን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ቆጠራው ከመቼ ይጀምራል የሚለው ነው። ከፈረምሽበት? ከደረስሽበት? የነርስነት ምዝገባ ካገኘሽበት? ኦስኪን በሁለተኛው ሙከራ ያለፈች ነርስ ቆጠራዋ ከምዝገባ ከሆነ ወራት ይጨመርባታል።

የአሜሪካ ኮንትራት ደግሞ በዓመት ሳይሆን በሰዓት የሚጻፍ አለ። 5,200 ሰዓት ቢል በሳምንት 36 ሰዓት የምትሠሪ ከሆነ በዓመት 1,872 ነው፤ ወደ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ። ነገር ግን ትርፍ ሰዓት፣ የሥልጠና ሳምንታትና ዕረፍት አይቆጠርም የሚል መስመር ካለ ይረዝማል። ታካሚ ሲያንስ ሆስፒታሉ "ዛሬ አትምጪ" ሲልሽ ያ ሰዓት ከማን ይቀነሳል? ኮንትራቱ ዝም ካለ ከአንቺ ነው። ይህን በጽሑፍ አስመልሺ።

ሦስተኛ፣ ተመላሽ የሚባለው ምን ምን ነው? ዝርዝሩ ከነዋጋው ይጻፍ። በእንግሊዝ አሠሪው ከውጭ ሲቀጥር ለመንግሥት የሚከፍለውን የክህሎት ቀረጥ ከሠራተኛ ማስከፈል አይችልም፤ ከታኅሣሥ 31፣ 2024 ወዲህ ደግሞ የስፖንሰርነት ሰርቲፊኬቱንና የስፖንሰር ፈቃዱን ክፍያም። እነዚህ ዝርዝሩ ውስጥ ካሉ ኮንትራቱን የጻፈው ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም ወይ አንቺ አታውቂም ብሏል። ሥራ በማግኘቴ ብለሽ ለኤጀንሲ የምትከፍዪው ገንዘብም እዚያ እ.ኤ.አ. በ1973ቱ የቅጥር ኤጀንሲዎች ሕግ የተከለከለ ነው። ፓስፖርትሽን "ለማስቀመጥ" የሚጠይቅ ካለ አትስጪ።

አሠሪው ስፖንሰር የማድረግ ፈቃድ እንዳለው በእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በስም ዝርዝር ይወጣል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኮንትራቱ ላይ ያለው ስምና ዝርዝሩ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። ከሥራ ከወጣሽ ሌላ ስፖንሰር ለማግኘት ብዙውን ጊዜ 60 ቀን ነው የሚሰጥሽ።

ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ያወጣው የባለሙያ እጥረት ያለባቸው 55 ሀገሮች ዝርዝር አለ። እንግሊዝ ከእነዚህ ሀገሮች ኤጀንሲና አሠሪ እየዞሩ እንዲመለምሉ አትፈቅድም። ነርሷ ራሷ ማስታወቂያ አይታ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ብታመለክት ግን አይከለከልም። ሀገርሽ ዝርዝሩ ውስጥ ካለች፣ ኮንትራቱም ለእንግሊዝ ከሆነ፣ የላከልሽ ኤጀንሲ ገና ሲጀምር ደንብ ጥሷል ማለት ነው።

ቢ_ሁለት፦

ጀርመን ከተነሳ በአጭሩ። እዚያ ከፈተናው ይልቅ የሚከብደው ቋንቋው ነው። ሙሉ የነርስ ፈቃድ ለማግኘት ቢ2 በሚባለው ደረጃ ጀርመንኛ መቻል ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ከሱ በታች ያለውን ቢ1 ይዞ ይገባና እዚያው ይጨርሳል። ዲግሪሽን የሚመዝነው የምትሄጂበት ክልል መሥሪያ ቤት ነው። የጎደለሽን ዘርዝሮ ይጽፍልሻል፤ ከዚያ ምርጫ አለሽ፦ ወይ የማጣጣሚያ ሥልጠና፣ ወይ የዕውቀት ፈተና። ፈተናው የቃሉ ክፍል ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ በታካሚ ላይ የሚታይ የተግባር ክፍል አለ። ቶሎ ያልቃል ብለው ፈተናውን የሚመርጡ አሉ፤ ቋንቋው ያልጠና ሰው ግን ሥልጠናው ይሻለዋል፣ ምክንያቱም ዋርድ ውስጥ እየሠራ ይናገራል። እስከዚያ የሚከፈልሽ የረዳት ደመወዝ መሆኑን ቀድመሽ እወቂ። ኤጀንሲ ከሆነ መንግሥት የሚሰጠው የፍትሐዊ ምልመላ ማኅተም እንዳለው ጠይቂ፤ ያ ማኅተም ወጪውን አሠሪው እንዲሸፍን ያስገድዳል።

እህተ_ነርስ፦

ኮንትራቱን ከፍቼ አየሁት። ቅጣቱ አይቀንስም፣ ቆጠራው ደግሞ ከምዝገባ ነው የሚጀምረው። ተውኩት። ከሬጅስትራሩ ልጀምር ነው። ደብዳቤው ላይ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ወረቀት_ቀዳሚ፦

"ትራንስክሪፕት ይላክልኝ" ብቻ ካልሽ ክሬዲቱን ይልኩታል፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ትመለሻለሽ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

"በዚህ ዓመት በዚህ የተማሪነት ቁጥር የተመረቅሁ ነኝ። ለውጭ ሀገር የሙያ ምዝገባ የሚውል (1) ይፋዊ ትራንስክሪፕት፣ (2) የእያንዳንዱ የነርሲንግ ኮርስ የቲዎሪና የክሊኒካል ሰዓት ተለያይቶ የሚታይበት መግለጫ፣ በሜዲካል፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በእናቶችና በአእምሮ ሕክምና ተከፋፍሎ፣ (3) በተማርኩበት ዘመን የነበረው የኮርስ ይዘት፣ ማኅተምና ፊርማ አርፎበት ከተቋሙ በቀጥታ ከታች ወዳለው አድራሻ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ።"

"በተማርኩበት ዘመን የነበረው" የሚለውን እንዳትረሺው። ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረ አዲሱን ይልኩልሽና ከትራንስክሪፕትሽ ጋር አይገጥምም። ሰዓቱን የሚያውቀው ዲፓርትመንቱ እንጂ ሬጅስትራሩ ስላልሆነ ኮፒውን ለዲፓርትመንት ኃላፊውም አስገቢ። ሁለቱም ጋ የገቢ ቁጥር ተቀበዪ፤ ስትደውዪ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። ከሥራ ቦታሽም የልምድ ደብዳቤሽን አሁኑኑ ጠይቂ፦ ከቀን፣ ከወርና ከዓመት ጋር፣ የዋርዱ ስም፣ በሳምንት የሠራሽው ሰዓት፣ የፈራሚው ኃላፊነት ተጽፎ። ቀኑ ከደመወዝ መዝገቡ ጋር ይግጠም። ነገ ሐሳብሽን ቀይረሽ ወደ ባሕረ ሰላጤው ብትይ እንኳ ዳታፍሎው የሚባለው አጣሪ ለአሠሪሽ ጽፎ የሚያነጻጽረው ይህንኑ ነው፤ የአንድ ወር ልዩነት ካገኘ "አልገጠመም" ብሎ ይጽፍብሻል።